አዳማ ተቀምጠን ስለ ዋልታ ነዳጅ ምን አገባን?

የጂኦግራፊ መምህርት (አዳማ)

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ርዕሱን የሰጠኝ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ስለሚካሄደው የባሕር ነዳጅ ቁፋሮ ስናወራ "ቲቸር፣ እኛን ግን ምን አገባን?" አለኝ። የምር ጥያቄ ነው። የኔን መልስ ልጻፍና እናንተ ጨምሩበት፣ ከፈለጋችሁም ተቃወሙኝ።

ከድሮ ልጀምር። እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት ከአራት ጓደኞቹ ጋር ጃንዋሪ 17 ቀን 1912 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ የኖርዌዩ ሮአልድ አሙንድሰን ቀድሞት ነበር። አሙንድሰን የደረሰው ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ነው። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ብዙም የማይወራው የላምባው ነገር ነው። ስኮት ለመልስ ጉዞ የሚሆን ምግብና ላምባ በየመንገዱ አስቀምጦ ነበር። በዚያ በረዶ ላይ ላምባ ከሌለ ውሃም የለም፣ ምክንያቱም በረዶው መቅለጥ አለበት። ሲመለሱ ቆርቆሮዎቹን ከፈቱ። ጎድለዋል። የክዳኑ ማሸጊያ ቆዳ ነበር። ቆዳው በብርዱ ተበላሽቶ ላምባው እየተነነና እየሾለከ ወጥቷል። አሙንድሰን ግን የራሱን ቆርቆሮዎች በብየዳ አሽጓቸው ነበር።

ስኮትና የመጨረሻ ሁለት ጓደኞቹ ድንኳናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ ትልቁ የስንቅ ማከማቻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የቀረው። የገደላቸው የላምባ እጥረት ብቻ አይደለም። ረሃቡም፣ ድካሙም፣ ብርዱም አለ። ቢሆንም በዘመኑ በደንብ ተዘጋጅቶ የሄደ ቡድን አንድ ቆርቆሮ ላምባ እዚያ ብርድ ውስጥ ሳይፈስ ማቆየት አቅቶታል።

እነዚህ ሰዎች እየሞቱ እንኳ 16 ኪሎ ገደማ ድንጋይ በሸርተቴ ይጎትቱ ነበር። ድንጋዩ ላይ ግሎሶፕቴሪስ የሚባል የጥንት ዛፍ ቅጠል ታትሟል። የዚህ ዛፍ ቅሪት አፍሪካም፣ ህንድም፣ አውስትራሊያም ይገኛል። አንታርክቲካ ድሮ ደን የነበራት፣ ከእኛ አህጉር ጋር የተያያዘች ምድር መሆኗን ከመሰከሩት ማስረጃዎች አንዱ ነው። የሰሜኑ ዋልታ ባሕርም እንዲሁ በሩቅ ዘመን ሞቃት ነበር። በዚያ ዘመን የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ደለል ውስጥ ተቀብረው ነዳጅ ሆነዋል። ዛሬ ኩባንያዎች የሚፈልጉት ያንን ነው።

የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም በ2008 ከአርክቲክ ክበብ በላይ ገና ያልተገኘ 90 ቢሊዮን በርሚል ነዳጅ እንዳለ ገምቷል። አብዛኛው ከባሕር ሥር ነው። ዓለም በቀን 100 ሚሊዮን በርሚል ገደማ ትጠቀማለች። አካፍሉት፤ 900 ቀን ይሆናል። ሁለት ዓመት ተኩል ለማይሞላ ፍጆታ ነው ይህ ሁሉ።

አቋሜ ግልጽ ነው። የዋልታ ባሕር ነዳጅ ባለበት ይቀመጥ። ለተማሪዬም ያልኩት ይህን ነው፦ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቀጣናችን አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። ቦረና ላይ ከብቱ አለቀ። እዚህ አዳማ ከዚያ ወገን ዘመድ ያለን ሰዎች ብዙ ነን። ነዳጁ የትም ይቆፈር፣ ሲቃጠል ዳፋው እኛም ጋ ይደርሳል።

የቦቴ ልጅ (አዳማ)

መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ትንሽ ልከራከርሽ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲ መስመር ላይ ቦቴ ነድቶ ነው ያሳደገን። እኔም ጋራዥ ነው የምሠራው። ስለ ቆዳው ማሸጊያ የጻፍሽው በደንብ ገብቶኛል። የቦቴ ማራገፊያ ላይ ያለው ጓርኒሲዮንም እንደዚያው ነው። እዚህ የሚያበላሸው ሙቀቱ ነው እንጂ ብርዱ አይደለም። አባቴ ጋላፊ ላይ መኪናውን ሲያቆም ሻይ ከመጠጣቱ በፊት ከሥሩ ይገባል። ቫልቩን ዙሪያውን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ከዚያ እጁን ያሸታል። ናፍጣ ከሸተተው ሌሊትም ቢሆን ሳይፈታው አይተኛም። ስለዚህ ነዳጅ ማሸግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለእኔ ማንም አይነግረኝም።

ግን አገራችን ነዳጅ የምታስገባው ከውጭ ነው። ሲጠፋ ማደያ በር ላይ የሚያድረው የባጃጅ ሹፌሩ ነው። ዋጋ ሲጨምር ጤፉም ሽንኩርቱም አብሮ ይጨምራል። ቁፋሮ ይቁም የሚሉት ሰዎች የሚኖሩት ሁሉም ነገር በተሟላላቸው አገሮች ነው። ሒሳቡን ማን ይክፈል?

የጂኦግራፊ መምህርት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት፦ የዋልታ ነዳጅ ርካሽ ነዳጅ አይደለም።

ሼልን ተመልከት። አላስካ ሰሜን ለዓመታት ለፋ። በ2012 መጨረሻ ኩሉክ የሚባለው የቁፋሮ መድረኩ በባሕር ላይ ሲጎተት ማዕበል መጣ። ገመዱ ተበጠሰ፣ የሚጎትተው መርከብም ሞተሩ ጠፋ። 18ቱን ሠራተኞች በሄሊኮፕተር አወጧቸው። ዲሴምበር 31 መድረኩ ራሱ አላስካ ውስጥ አንዲት ደሴት ዳርቻ ላይ ተጋጨ። በ2015 ደግሞ ተመልሰው ቹክቺ ባሕር ላይ አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ። የጠበቁትን ያህል አላገኙም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጥለው ወጡ። 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶበታል። እንዲህ ዓይነት ነዳጅ ቢወጣ እንኳ ለአዳማ ባጃጅ ሹፌር አይረክስለትም።

ጉድጓድ ቆፋሪ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሠራሁት አሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓድ ላይ ነው። ነዳጅ አይደለም፣ ግን የቁፋሮው መሠረት ይመሳሰላል። ስለዚህ ሙያዬ በፈቀደው መጠን ልናገር።

በመጀመሪያ ሁለት አደጋዎችን አንቀላቅል። ጥልቅ ባሕር አንድ ነገር ነው፣ የበረዶ ባሕር ሌላ ነገር ነው። ሩሲያ ፔቾራ ባሕር ላይ ያቆመችው ፕሪራዝሎምናያ የሚባለው መድረክ ያለበት ውሃ 20 ሜትር ገደማ ነው። መምህርት ያነሳችው የሼል ጉድጓድም 45 ሜትር ገደማ ውሃ ውስጥ ነበር። እዚያ ችግሩ በረዶው፣ ጨለማውና ርቀቱ ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ ደግሞ ችግሩ የጉድጓዱ አፍ ጋ ሰው መድረስ አለመቻሉ ነው። ሁሉም በሮቦት ነው የሚሠራው። ሁለቱ የተገናኙት ግሪንላንድ ላይ ነው። ኬርን ኢነርጂ የሚባል የስኮትላንድ ኩባንያ በ2010 እና በ2011 በምዕራቡ ጠረፍ ቆፍሯል። የበረዶ ተራራ ወደ መድረኩ ሲመጣ ጀልባዎች ገመድ እየጣሉበት አቅጣጫውን ያስቀይሩት ነበር። ለገበያ የሚሆን ነዳጅ ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ጥልቁ። ተንሳፋፊው መድረክ ከላይ ይቆማል። ከሥሩ ቧንቧ እስከ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። በዚያ ውስጥ ከባድ የቁፋሮ ጭቃ ይላካል። ጭቃው በክብደቱ ከታች የሚገፋውን ጋዝና ዘይት ይዞ ያቆየዋል። ክብደቱ ካነሰ ጉድጓዱ የተናጠ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን እንደተነሳ ይሆናል። የመጨረሻው መከላከያ ባሕሩ ወለል ላይ የተደራረቡት ቫልቮች ናቸው። ሌላው ሁሉ ካልሠራ ቧንቧውን ቆርጠው ጉድጓዱን መዝጋት አለባቸው።

ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዲፕዋተር ሆራይዘን የሚባለው መድረክ ፈነዳ። ውሃው 1,500 ሜትር ጥልቀት አለው። የጉድጓዱን ሥር የዘጋው ሲሚንቶ አልያዘም ነበር። የግፊት ፍተሻው ይህን አሳይቶ ነበር፣ ሠራተኞቹ ግን ውጤቱን ደህና ነው ብለው አነበቡት። 11 ሰው ሞተ። የመጨረሻው ቫልቭ ሊቆርጥ ሲል ቧንቧው ተጣሞ ከምላጩ መሐል ወጥቶ ነበር። ስለዚህ አልዘጋም። ዘይቱ ለ87 ቀን ፈሰሰ።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሜይ ላይ ወደ 100 ቶን የሚመዝን የብረት ክዳን አውርደው ሊደፉበት ሞከሩ። ዘይቱን ሰብስበው ወደ ላይ ሊስቡት ነበር ሐሳባቸው። እዚያ ጥልቀት ላይ ጋዙ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ሲገናኝ በረዶ የመሰለ ክሪስታል ሠራ። ክዳኑን ደፈነው፣ ሥራው ቀረ። ልብ በሉ፣ ከላይ ሰው የሚዋኝበት ሞቃት ባሕር ነው። ቀጥሎ በግፊት ጭቃ ሊያፍኑት ሞከሩ፣ እሱም አልሆነም። ጁላይ 15 ነው አዲስ ክዳን የያዘላቸው። ለዘለቄታው የታሸገው ሴፕቴምበር ላይ፣ በጎን ሌላ ጉድጓድ ቆፍረው ከሥር ካገኙት በኋላ ነው።

ይህን ወደ ሰሜን ውሰዱት። አላስካ ሰሜን ላይ መቆፈር የሚቻለው በረዶው ሲላቀቅ፣ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ገደማ ነው። ኦክቶበር ላይ ጉድጓድ ቢያመልጥ የጎን ጉድጓድ የሚቆፍረው መርከብ እስከሚቀጥለው ጁላይ መግባት አይችል ይሆናል። ዘይቱ በበረዶው ሥር ይጠራቀማል፣ በረዶው ሲጓዝም ይዞት ይሄዳል። ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጀልባዎች ተሰማርተው እንኳ የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ግምት ከውሃው ላይ ተቀፎ የተሰበሰበው 3 በመቶ ብቻ ነው። 5 በመቶው ተቃጠለ። 17 በመቶው ከጉድጓዱ አፍ በቀጥታ ተያዘ። ወደብ፣ ሆቴልና አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት አካባቢ ውጤቱ ይህ ነው።

እኔ ቁፋሮን የምጠላ ሰው አይደለሁም፣ እንጀራዬ ነው። ግን አንድ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ቢያመልጥ እንዴት ይዘጋል ለሚለው የተሟላ መልስ መኖር አለበት። እዚያ በረዶ ውስጥ መልሱ የለም።

የቦቴ ልጅ

ጋሼ፣ ግሩም አድርገህ አስረዳኸን። ቧንቧው ከምላጩ መሐል የወጣበትን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ።

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

ከሀዋሳ ነኝ፣ በመሐላችሁ ልግባ።

ቤተሰባችን ዓሣ ነው የሚያጠምደው። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። ባጃጅና መኪና የሚታጠብበት ዳርቻ አለ፣ ጠዋት ላይ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ዘይት ይታያል። መረቡን በዚያ በኩል የጣልን ቀን ቆሮሶው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ገዢ አሽትቶ ይመልሰዋል። ከጥቂት መኪና የወረደ ዘይት ነው ይህን የሚያደርገው።

ስለዚህ የቦቴ ልጅ፣ ተቃዋሚዎቹ ሁሉ የተሟላላቸው ናቸው ያልከው ላይ አልስማማም። ኒውዚላንድ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ቴ ፋናው አ አፓኑዊ የሚባሉ የማዎሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ጎሳ አሉ። ኑሯቸው ከባሕሩ ነው። መንግሥታቸው ራውኩማራ በሚባለው ጥልቅ ባሕር ላይ ለብራዚሉ ፔትሮብራስ የፍለጋ ፈቃድ ሰጠ። በ2011 የፍለጋው መርከብ ሲመጣ ሰዎቹ ግሪንፒስ ከሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትና ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ሆነው ባሕር ላይ ወጡ። አንድ የጎሳው የዓሣ ጀልባ መርከቡ ፊት ገባ። ከጀልባው በሬዲዮ ዓሣ እያጠመድን ስለሆነ አንነሳም ተባሉ። የጀልባው ካፒቴን ታሰረ፣ ፍርድ ቤትም ተመላለሰ። ፔትሮብራስ በ2012 ፈቃዱን መልሶ ወጣ። ኩባንያው የወጣበት ምክንያት ተቃውሞው ብቻ ነው አልልም። ሰዎቹ ግን የራሳቸውን ባሕር ነው የጠበቁት፣ ትርፍ ጊዜ ኖሯቸው አይደለም።

ኒውዚላንድ በ2018 አዲስ የባሕር ነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መስጠት በሕግ ከለከለች። በ2025 ሌላ መንግሥት መጥቶ ክልከላውን አነሳው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ጊዜ ተገኘ ያልነው ነገር እንደገና ይጠፋል።

ጠያቂው (አዳማ)

ሁላችሁም ስለ ፈረንጆች ነው የምታወሩት። ዋልታ የሄዱት እነሱ፣ ነዳጁን የሚፈልጉት እነሱ፣ የሚቃወሙትም እነሱ። እኛ ተመልካች ነን። ደግሞም መቶ ዓመት ሙሉ ነዳጅ አቃጥለው ካደጉ በኋላ ለሌላው አታውጣ ማለት ፍትሕ ነው?

ታሪክ ወዳድ (አዳማ)

ጠያቂው፣ የመጀመሪያው ላይ እንኳ ልመልስልህ። ማቲው ሄንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1866 ሜሪላንድ ተወለደ። ከሮበርት ፒሪ ጋር ለብዙ ዓመታት አርክቲክን አሰሰ። የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የኢኑዊቶችን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገር ነበር። ሸርተቴ ይሠራል፣ ውሻ ያሠለጥናል። በ1909 ፒሪ ሰሜን ዋልታ ደረስኩ ያለው ከሄንሰንና ከአራት ኢኑዊቶች ጋር ሆኖ ነው። ሄንሰን እኔ ነኝ ቀድሜ የደረስኩት ብሏል። በትክክል ዋልታው ላይ ደርሰዋል ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ሄንሰን ግን ከዚያ በኋላ ኒውዮርክ ጉምሩክ ውስጥ በጸሐፊነት ነው የኖረው። ክብሩን ያገኘው በጣም ዘግይቶ ነው። በ1988 አፅሙ አርሊንግተን ወደሚገኘው የጀግኖች መቃብር ተዛወረ። ስለዚህ ታሪኩ ውስጥ ጥቁርም ኢኑዊትም አለ። እነሱ ባይኖሩ ፒሪ ያን ያህል አይሄድም ነበር።

የጂኦግራፊ መምህርት

ታሪክ ወዳድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ነገ ለክፍሌ አነባለሁ።

ጠያቂው፣ የፍትሕ ጥያቄህ ከባድ ነው። ድሀ አገር ነዳጁን እንዳያወጣ ሀብታም ሲያዘው ደስ አይልም፣ እኔንም አይለኝም። ግን ዋልታው ላይ የሚቆፍረው ማን ነው? አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ኖርዌይ ናቸው። ከሀብታም እጅ ነው የምንለምነው፣ "የተገኘው በቂ ነው፣ አዲስ አትክፈቱ" እያልን።

እዚያ የሚኖሩትን ደግሞ እንስማቸው። ካናዳ ውስጥ ባፊን ደሴት ላይ ክላይድ ሪቨር የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ባፊን የባሕር ወሽመጥ ላይ ነዳጅ ለመፈለግ መርከብ ከባድ የድምፅ ምት ወደ ባሕሩ ወለል ሊልክ ተፈቀደለት። ኢኑዊቶቹ የሚያድኑት ናርዋል የሚባለው ዓሣ ነባሪና አቆስጣ (ሲል) ድምፁን ሸሽቶ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ከሰሱ። በ2017 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነዋሪዎቹ በአግባቡ አልተማከሩም ብሎ ፈቃዱን ሰረዘው። ሁሉም ኢኑዊት ይቃወማል ማለት ግን አይደለም። አላስካ ሰሜን ላይ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚሠራው ከነዳጅ ግብር ነው፣ ስለዚህ የደገፉ አሉ። ፖይንት ሆፕ የምትባለው መንደር ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዳ ተከራክራለች። የየቤታቸው ክርክር ነው፣ ከቦቴ ልጅ ክርክር ብዙ አይርቅም።

ሶደሬ (አዳማ)

ለተቃውሞ ብሎ መርከብ ላይ መውጣት፣ መድረክ ላይ መንጠላጠል ግን ትክክል ነው? ሕግ መጣስ ነው እኮ።

ሐይቅ ዳር

ሶደሬ፣ በ2013 ሴፕቴምበር የግሪንፒሷ አርክቲክ ሰንራይዝ ቅድም ጋሼ ያነሳው ፕሪራዝሎምናያ ጋ ሄደች። ሁለት ሰዎች መድረኩ ላይ ለመውጣት ሞከሩ። በማግስቱ የሩሲያ ልዩ ኃይል በሄሊኮፕተር መርከቧ ላይ ወረደ። 28 ተሟጋቾችና 2 ጋዜጠኞች ታሰሩ። መጀመሪያ በባሕር ላይ ዝርፊያ ተከሰሱ። ሁለት ወር ሙርማንስክና ሴንት ፒተርስበርግ እስር ቤት ቆዩ። የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት እንዲለቀቁ አዘዘ፣ ዲሴምበር ላይ ምሕረት ተደረገላቸው። በ2017 የግልግል ዳኞች ሩሲያ የመርከቧ ባንዲራ አገር ለሆነችው ኔዘርላንድ 5.4 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንድትከፍል ወሰኑ። መድረኩ ግን በዚያው በ2013 ዲሴምበር ነዳጅ ማውጣት ጀምሯል። ይህንንም መናገር አለብን።

እኔ ማንንም አልጎዱም፣ የከፈሉት በራሳቸው አካል ነው እላለሁ። ለእኔ ይህ ልዩነት አለው።

የጂኦግራፊ መምህርት

ተሟጋቾች ያሸነፉበትን ትልቁን ጉዳይ እስካሁን አላነሳንም። አንታርክቲካን ማለቴ ነው።

የአንታርክቲካ ስምምነት በ1959 ሲፈረም 12 አገሮች ነበሩ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ አለችበት። ስምምነቱ ጦር ይውጣ፣ ሳይንስ ይግባ አለ። ስለ ማዕድንና ነዳጅ ግን ምንም አላለም። በ1988 አገሮቹ ማዕድን በቁጥጥር ማውጣት የሚፈቅድ ውል ዌሊንግተን ላይ አዘጋጁ። የቀረው አገሮቹ ፈርመው ማጽደቃቸው ነበር። በ1989 ጃንዋሪ የአርጀንቲናዋ መርከብ ባይያ ፓራይሶ አንታርክቲካ ልሳነ ምድር ጋ ድንጋይ ላይ ወጥታ 600 ሺህ ሊትር ገደማ ናፍጣ አፈሰሰች። ማርች 24 ደግሞ ኤክሰን ቫልዴዝ የምትባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ላይ ተሰነጠቀች። 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰ። ከ20 ዓመት በኋላም ጠጠሩ ሲቆፈር ከሥሩ ዘይት ይወጣ ነበር። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ እዚያ ባሕር ውስጥ እስካሁን እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ግሪንፒስ ከ1987 ጀምሮ ኬፕ ኢቫንስ ላይ ጣቢያ ነበረው። ስኮት ወደ ዋልታው የተነሳበት የእንጨት ቤት ያለው እዚያው ኬፕ ኢቫንስ ነው። ጥቂት ሰዎች ክረምቱን ሁሉ እዚያ እያሳለፉ የሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ቆሻሻቸውን የት እንደሚጥሉ እየዞሩ ይመዘግቡ ነበር። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ፊርማ አሰባሰበ። በ1989 የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክና የፈረንሳዩ ሚሼል ሮካር አንፈርምም አሉ። ውሉ ፈረሰ። በ1991 ማድሪድ ላይ አዲስ ፕሮቶኮል ተፈረመ፣ በ1998 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 7 አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከሳይንስ ምርምር በቀር ማንኛውም የማዕድን ሥራ የተከለከለ ነው ይላል።

አንድ ሙሉ አህጉር ከነባሕሩ፣ አንድ የነዳጅ ጉድጓድ ሳይቆፈርበት ተዘጋ። ለዚህ ነው ተስፋ የማልቆርጠው።

የቦቴ ልጅ

40 ሚሊዮን ሊትሩን በራሴ አሰላሁት። ባለ ተሳቢ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ገደማ ይጭናል ብንል ወደ 900 ቦቴ ነው። ከሞጆ እስከ መተሐራ ያለው መንገድ ላይ አሰልፋቸው። በአንድ ሌሊት ሁሉም ቢገለበጡ ማለት ነው። እኔ አንድ ቦቴ ተገልብጦ ያየሁበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ሣር አልበቀለም።

መምህርት፣ ዋጋው ላይ ያለኝ ስጋት አልጠፋም። ግን ስለ ዋልታው አሳምነሽኛል። ደግሞ እዚህ ያለው ነገር እየተቀየረ ነው። የጅቡቲው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከተራራው ላይ የሚታዩን የነፋስ ተርባይኖች የመጀመሪያው ዙር 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። ከባድ መኪናው ገና ነው፣ እሱም ይመጣል። ሲመጣ ግን ለቦቴ ሹፌሩ ምን ሥራ እንደሚሰጠው አንድ ሰው ያስብበት። ይህን የሚያነሳ ተሟጋች ካለ እኔ ከጎኑ ነኝ።

ጠያቂው

የመጨረሻውን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ። ኮፕ 32 የሚባለው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 አዲስ አበባ ላይ ነው። መነሳት ያለበት እዚያ ነው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ (አዳማ)

ቲቸር፣ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩት። አንታርክቲካ ላይ ያለው ክልከላ በ2048 ያበቃል የሚል አንድ ቦታ አይቻለሁ። እውነት ነው?

የጂኦግራፊ መምህርት

ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አያበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮቶኮሉ የማለቂያ ቀን የለውም። እስከ 2048 ድረስ ለመለወጥ በስምምነቱ ውስጥ ድምፅ ያላቸው አገሮች ሁሉ መስማማት አለባቸው። ከ2048 በኋላ ከእነዚህ አገሮች አንዱ የግምገማ ጉባኤ ይጠራልኝ ማለት ይችላል። ቢጠራም የማዕድን ክልከላው እንዲነሳ በምትኩ ሁሉንም የሚያስገድድ የማዕድን ሕግ መኖር አለበት። ከባለድምፅ አገሮችም ሦስት አራተኛው፣ በ1991 ባለድምፅ የነበሩት ደግሞ ሁሉም ማጽደቅ አለባቸው። አንተ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነህ። ምናልባት ጉባኤው ላይ የምትቀመጠው አንተ ትሆናለህ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ

አመሰግናለሁ ቲቸር። በክበባችን የክርክር ርዕስ አድርገነዋል። አርብ ከሰዓት ነው፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ቢመጡልን ደስ ይለናል። ስለ ቫልቮቹ በሥዕል እንዲያስረዱን ነው።

ጉድጓድ ቆፋሪ

እመጣለሁ ልጄ። የጭቃውን ሚዛንም ይዤ እመጣለሁ፣ በእጃችሁ ትመዝኑታላችሁ።

የቦቴ ልጅ

ሐይቅ ዳር፣ የአንቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ ነበር የሚደፋው፣ ባለቤቱን አናግሬ አሁን በበርሚል እያጠራቀምን ነው። በርሚሉ ሊሞላ ነው። አዳማ ወይም ሞጆ አካባቢ በአግባቡ የሚረከብ ድርጅት የምታውቁ እዚህ ጻፉልኝ።

ሐይቅ ዳር

እኔም እፈልጋለሁ፣ ሀዋሳ ላሉትም የሚሆን ካለ። ያገኘ ሰው ስልኩን ሳይሆን ሰፈሩን ብቻ ይጻፍ፣ እኛ እንሄዳለን።